ተራራው ሩቅ አይደለም፤ እግራችሁን አስለምዱት

ሰፈራችን መካኒሳ ውስጥ ሌሊት ጅብ ሲጮህ የሚደነግጥ ሰው ብዙ የለም፤ ብርድ ልብሱን ሳብ አድርጎ ይተኛል። ይኸው ሰው ግን "ባሌ ተራሮች በእግር እንውጣ" ሲባል "ኧረ አውሬ አለበት!" ብሎ ያፈገፍጋል። አዎ ወዳጆቼ፣ አውሬ አለበት። ሂዱ የምላችሁም ለዚሁ ነው!

ባሌ ተራሮች ላይ ገርባ ጉራቻ የሚባለው ሐይቅ 3,950 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። ጥንት የበረዶ ግግር ተራራውን ቦርቡሮ በተወው ጎድጓዳ ስፍራ፣ ገደል ከቦት የተኛ ውኃ ነው። ተጓዦች ዲንሾ ከተማ ላይ የአካባቢውን መንገድ መሪ ይዘው፣ ዕቃቸውን በፈረስ ጭነው፣ እያደሩ በእግር ይደርሱበታል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ዩኔስኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ እኛ ግን ገና አላየነውም።

በሌላው ዓለም ብዙ ቦታ ተራራ ወጪው የሚጠነቀቀው ድብን ነው። እኛ አገር ድብ የለም። ባሌ ላይ ጅብ አለ፤ ዝቅ ብሎ ሐረና ጫካ ውስጥ ነብርና አንበሳ አሉ። ሜዳው ላይ በቀን የምታዩት ግን ቀይ ቀበሮን ነው። በዓለም የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩም እዚያው ባሌ ይኖራል። ለሰው ጉዳይ የለውም። የሚያድነው ትልቁ ፍልፈል ከጉድጓዱ ራሱን ብቻ ብቅ አድርጎ በዙሪያው ያለውን ሣር ይነጫል። ቀበሮው አንድ እግሩን አንሥቶ፣ ጆሮውን ወደ መሬት ቀስሮ፣ እንደ ድንጋይ ደርቆ ይጠብቃል። ከዚያ ይዘላል። ብዙ ጊዜ ይስታል፤ ዞር ብሎ ሌላ ጉድጓድ አጠገብ ይቆማል። ተስፋ መቁረጥ የሚያስቸግረው ሰው ይህን ቁጭ ብሎ ቢያይ እንዴት ደስ ባለኝ!

የማናውቀው አውሬ ሁሉ በሐሳባችን ነብር ይሆናል። ዕውቀት ሲመጣ ግን ፍርሃቱ ጥንቃቄ ይሆናል፣ ጥንቃቄ ደግሞ ሥራ ነው፦ ብቻችሁን አትሂዱ፤ ምግብ ድንኳን ውስጥ ይዛችሁ አትደሩ፤ ሲመሽ ከሰፈር አትራቁ፤ መንገድ መሪው "ቁሙ" ሲል ቁሙ። ደግሞም መካኒሳ አቦ ቤተ ክርስቲያንን እየተሳለምን ያደግን ሰዎች የጻድቁን ሥዕል እናውቀዋለን። ገድላቸው 60 አንበሶችና 60 ነብሮች አብረዋቸው እንደነበሩ ይናገራል። ሰውና አውሬ በአንድ ተራራ ላይ መኖራቸው ለእኛ ከልጅነታችን ጀምሮ በሥዕል የምናየው ነገር ነው።

ስለ ከፍታውም አትስጉ። መካኒሳ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከባሕር ዳርቻ የመጣ ቱሪስት ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልክበትን አየር እኛ ዕድሜ ልካችንን ተንፍሰነዋል። ይህ ትልቅ ስንቅ ነው! ሆኖም ከ3,000 ሜትር በላይ መቸኮል የለም። የምታድሩበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አታድርጉ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከመጣ ባላችሁበት እረፉ፤ ከባሰ ውረዱ። መውረድ ሽንፈት አይደለም፤ ሐይቁ የትም አይሄድም።

"አንችልም" ለሚሉ አንድ ነገር ልንገራቸው። ባሌ ውስጥ ፊንቻ ሀበራ የተባለ የድንጋይ ጥላ አለ፤ 3,469 ሜትር ላይ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ በሆነ ጥናት መሠረት፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት ባለው ዘመን ሰዎች እየተመላለሱ ኖረውበታል። ትልቁን ፍልፈል ጠብሰው በልተዋል። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር ባልጩት ፍለጋ በረዶ ግግሩ አጠገብ እስከ 4,200 ሜትር ድረስ ወጥተዋል። ጃኬት አልነበራቸውም፣ ቡት ጫማም የለም። በዚያ ቀዝቃዛ ዘመን ይህን የቻለ ሰው የዚሁ የእኛው አገር ሰው ነው!

ስለዚህ ዛሬውኑ ጀምሩ። ታክሲ ከመያዝ ሁለት ፌርማታ በእግር ሂዱ። ቦርሳችሁ ውስጥ ሁለት ሊትር ውኃ ጨምራችሁ ዳገቱን ውጡ። ከዚያ ቅዳሜ ማለዳ ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ፉሪ ተራራ፣ በሌላ ጊዜ ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ፣ ከዚያም ወደ ወንጪ። አዲስ ጫማ ገዝታችሁ በቀጥታ ባሌ አትውጡ፤ እዚሁ ኮብልስቶኑ ላይ አለስልሱት። ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናቡ ስለሚቀንስ መንገዱ ይመቻል፤ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳልና ወፍራም የመኝታ ከረጢት አትርሱ።