የቡራቅ ፊት



የኢስራእና ሚዕራጅ ታሪክ በሚወሳበት ሰሞን በስልኮቻችን አንድ ሥዕል ይዘዋወራል፤ አካሉ የፈረስ፣ ክንፉ የንስር፣ ፊቱ የቆንጆ ሴት፣ በራሱ ላይ ዘውድ የደፋ። ከሥሩ «ቡራቅ» ይላል። ሙስሊም ያልሆነ የዶርም ጓደኛችን ይህን አይቶ «ነቢያችሁ የተጓዙት በዚህ ነው?» ቢለን ምን እንመልሳለን? ዝም ካልን ሥዕሉ ስለ እኛ ይመልሳል። ስለዚህ ነገሩን ከምንጩ እንየው።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበው አጭር ነው። ቡራቅ ነጭ እንስሳ ነው፤ ከአህያ ይበልጣል፣ ከበቅሎ ያንሳል፤ ኮቴውን የሚያሳርፈው ዓይኑ ማየት በሚችለው ጫፍ ላይ ነው። በሙስሊም ዘገባ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በይተል መቅዲስ ሲደርሱ ነቢያት በሚያስሩበት ቀለበት አሰሩት። የተነገረን ስለ ቀለሙ፣ ስለ መጠኑና ስለ ፍጥነቱ ነው፤ ስለ ፊቱ አንድም ቃል የለም።

ክንፉስ? ኢብን ኢስሐቅ ከሐሰን አል-በስሪ በተላለፈው የሲራ ዘገባ ሁለት ክንፎች በጭኖቹ ላይ እንዳሉት፣ በእነርሱም እግሮቹን እንደሚያስፈነጥር ጠቅሰዋል። ሐሰን ሶሐባ ሳይሆኑ ታቢዒይ ስለሆኑ ዘገባው ሙርሰል ነው፤ ከሁለቱ ሶሒሖች ደረጃ አይደርስም። ሰዓሊዎቹ ግን ክንፉን ከጭን ወደ ትከሻ አውጥተውታል።

የሰው ፊት ወሬ ፍንጭ ያለው በሂጅራ 427 ከሞቱት ከአስ-ሠዕለቢ ዘንድ ነው፤ ጉንጩ እንደ ሰው፣ ጋማው እንደ ፈረስ፣ እግሮቹ እንደ ግመል፣ ጅራቱ እንደ ላም ነው የሚል። ኢብን ሐጀር በፈትሑል ባሪ ይህንን ጠቅሰው ሰነዱ ደካማ መሆኑን ገልጸዋል። ደካማው ዘገባ እንኳ ጉንጭ አለ እንጂ ሴት አላለም!

ኢብን ሐጀር ያንን ታላቅ ሸርሕ ካይሮ ላይ ያጠናቀቁት በሂጅራ 842 ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ፣ በ1436 እ.ኤ.አ. አካባቢ፣ በዛሬዋ አፍጋኒስታን በሄራት ከተማ፣ በቲሙር ልጅ በሻህሩኽ ዘመን፣ አንድ የሚዕራጅ መጽሐፍ በሥዕል አጊጦ ተዘጋጀ። ዛሬ ፓሪስ፣ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። የመጀመሪያው ባይሆንም፣ ቡራቅን ዘውድ የደፋች ሴት ፊት ሰጥቶታል። አንዱ ከተማ ላይ ዓሊሙ ሰነድ ሲመዝኑ፣ ሌላው ላይ ሰዓሊው ወርቅና ሰማያዊ ቀለም ይበጠብጥ ነበር። ከመቶ ዓመት በኋላ በ1539 እና 1543 መካከል ለሻህ ጠህማስብ በተዘጋጀው የኒዛሚ «ኸምሳ» ውስጥም ያው ፊት ተሣለ። እያለ እያለ ወደ ሕንድ ተሻገረ፤ ዛሬ በፓኪስታን የጭነት መኪኖች ላይ ሳይቀር ይታያል። (ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውን ለመሣል መድፈር ራሱን የቻለ ከባድ ጉዳይ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።)

ታዲያ ክንፍ ያለው ፈረስ ማሰብ በራሱ ነውር ነው? አቡ ዳውድ የዘገቡትን እናስታውስ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘመቻ ተመልሰው ሳለ ነፋስ መጋረጃውን ገለጠና የእናታችን የዓኢሻ (ረ.ዐ) አሻንጉሊቶች ታዩ። በመካከላቸው የጨርቅ ክንፎች ያሉት ፈረስ ነበር። ፈረስ ደግሞ ክንፍ አለው ወይ ብለው ጠየቋት። የሱለይማን (ዐ.ሰ) ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙም ወይ ስትላቸው የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ።

ያ ፈረስ ግን አሻንጉሊት መሆኑ ለማንም አልተሰወረም፤ ዐቂዳ የተማረበትም የለም። የእኛ ችግር ሥዕሉን የሐዲሱ ማብራሪያ አድርገን ማስተላለፋችን ነው። ቡራቅ የገይብ ጉዳይ ነው፤ ስለ ገይብ ደግሞ በሶሒሕ ሰነድ ከደረሰን በላይ አንጨምርም።

ለዶርም ጓደኛችንም መልሱ ረጅም አይደለም። ነጭ እንስሳ ነው፣ ከአህያ ይበልጣል፣ ከበቅሎ ያንሳል፣ እርምጃው የዓይኑ ማያ ያህል ነው እንበለው። ፊቱ ምን እንደሚመስል አልተነገረንም፤ በሥዕሉ ላይ ያለችው ሴት የሰዓሊዎቹ ናት። ወላሁ አዕለም።