ለዛ ያለው ኮድ ይለመዳል!

ደብረ ብርሃን ገብታችሁ ኮምፒውተር ሳይንስ የምታጠኑ፣ በመሐል ሜዳ፣ በራቤልና በዓለም ከተማ በስልካችሁ ኮድ የምትለማመዱ የመንዝ፣ የግሼና የመርሐቤቴ ልጆች! ዛሬ የማወራችሁ ኮድን ለዛ እንዲኖረው አድርጎ ስለመጻፍ ነው። ይህ ችሎታ የውድ ላፕቶፕ ወይም የሩቅ አገር ስጦታ እንዳይመስላችሁ። በልምምድ ይመጣል፤ መለማመጃውም እቤታችሁ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፦ የኢትዮጵያ ዘመን መቁጠሪያ።

እስቲ ወርና ቀን ሲነገረው፣ ዕለቱ የዓመቱ ስንተኛ ቀን እንደሆነ የሚመልስ ፕሮግራም ጻፉ። ጀማሪ «ወሩ መስከረም ከሆነ፣ ጥቅምት ከሆነ፣ ኅዳር ከሆነ» እያለ 13 ጊዜ «ከሆነ» ይደረድራል። መልሱ ትክክል ነው። ግን 13 ቦታ ሊሳሳት ይችላል፤ ነገ የሚያነበው ባልደረባውም ይደክማል።

ኪቦርዱን ከመንካታችሁ በፊት ወሮቹን ተመልከቱ። 12ቱ እኩል 30 ቀን ናቸው፤ አጭሯ ጳጉሜን መጨረሻ ላይ ስለሆነች የማንንም ቆጠራ አታዛባም። ስለዚህ ከወሩ ተራ ቁጥር 1 ቀንሱ፣ በ30 አባዙ፣ ቀኑን ደምሩ። ጥር 11? 4 በ30 ሲባዛ 120፣ 11 ሲጨመር 131ኛ ቀን። ጳጉሜን 3? 363ኛ። አንድ መስመር በቃ! ጳጉሜንም ልዩ ሕግ አልጠየቀችም።

በየ4 ዓመቱ የምትጨመረው ቀንስ? ዓመተ ምሕረቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ሲተርፍ ዘመኑ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜንም 6 ትሆናለች። 2015 እንደዚያ ነበር። ከዓመቱ በፊት ያለፉትን ተጨማሪ ቀኖች ለማግኘት ዓመቱን ለ4 አካፍሎ ቀሪውን መተው ይበቃል። እዚህም «ከሆነ» የለም። የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ዘመኑን ለ4 እያካፈሉ ወንጌላዊውን ሲያወጡ የኖሩት ኮምፒውተር ከመፈጠሩ በፊት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ግን ተጨማሪዋ ቀን የምትገባው በሁለተኛው ወር ነው፤ ስለዚህ ብዙ ፕሮግራመሮች ዓመቱ ከማርች እንደሚጀምር አድርገው ያሰላሉ፤ ቀኗ ወደ መጨረሻ እንድትሄድላቸው። እኛ ጋ ግን ድሮም እዚያው ናት።

ሊኑክስን የፈጠረው ሊኑስ ቶርቫልድስ በ2016 እ.ኤ.አ. በቴድ መድረክ ያሳየው ይህንኑ «ከሆነ»ን የማስቀረት ዘዴ ነበር። ከተያያዘ ዝርዝር ውስጥ አንዱን ማውጣት የሚቻልባቸውን ሁለት መንገዶች አቀረበ። አንደኛው «የሚወጣው የመጀመሪያው ከሆነ» የሚል የተለየ ቅርንጫፍ አለው፤ ሁለተኛው የለውም። እሱ የመረጠው ሁለተኛውን ነው። ነገሩን በሌላ ዓይን ሲያዩት ልዩ የነበረው ጉዳይ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሆናል። የለዛው ምሥጢር ይህ ነው።

ፊደላችንም እንዲሁ ተቀምጧል። ለየፊደሉ የኮምፒውተር ቁጥር በሚሰጠው ሠንጠረዥ፣ በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው ዩኒኮድ 3.0፣ የእያንዳንዱ ፊደል ቤት 8 ቦታ ይዟል፦ ሀ 4608፣ ለ 4616፣ ሐ 4624። ስለዚህ የፊደሉ ቁጥር ለ8 ተካፍሎ የሚተርፈው ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ስንተኛ እንደሆነ ይናገራል፦ 0 ግዕዝ፣ 1 ካዕብ፣ 5 ሳድስ። ሠንጠረዡ በወጉ ስለተደረደረ ረጅም ኮድ መጻፍ ቀረ።

እንግዲህ እንዴት ትለማመዳላችሁ?

አንደኛ፣ «ከሆነ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁ፦ ይህ ልዩነት ከነገሩ ተፈጥሮ የመጣ ነው ወይስ እኔ ካየሁበት አቅጣጫ?

ሁለተኛ፣ ኮዱ መሥራት ሲጀምር ሥራው አለቀ አትበሉ። መጀመሪያ የጻፋችሁት መልሱን ለማግኘት ነው፤ ደግማችሁ የምትጽፉት ነገሩን ለመረዳት ነው።

ሦስተኛ፣ የጎበዞችን ኮድ አንብቡ። የሊኑክስ ምንጭ ኮድ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ ከመሐል ሜዳ ሆኖ ለሚከፍተውም ያው ነው። አንድ ገጽ እንኳን በደንብ ተረድታችሁ ብትዘጉ ዓይናችሁ ይሳላል።

አራተኛ፣ መሰረዝን ውደዱ። 10 መስመር ጠፍቶ ፕሮግራሙ እንደ ቀድሞው ከሠራ፣ ያ ቀን የድል ቀን ነው።

ዛሬ ማታ ከጻፋችሁት ሁሉ ረጅሙን የ«ከሆነ» ሰልፍ ፈልጉና አንዱን ብቻ አስወግዱ። ነገ ሌላውን። እንዲህ እያላችሁ የምትጽፉት ኮድ እናንተን የማያውቅ ሰው ከዓመታት በኋላ ከፍቶ በአንድ ንባብ የሚረዳው ይሆናል። ትችላላችሁ፤ ጀምሩ!