ደዌን ስለ መሰየም



ወንጌላዊው ማቴዎስ (4፥24) ወደ ጌታችን የመጡትን ድውያን ሲዘረዝር፥ አጋንንት ያደሩባቸውን፥ በጨረቃ የሚነሣባቸውንና ሽባዎችን ለየብቻ ጠራ እንጂ ሁሉን በአንድ ስም አልጠቀለለም።

እኔ ግን ይህን ዘንግቼ በደልሁ። በአቃቂ ቃሊቲ ሳገለግል አንዲት እናት አእምሮው የታወከ ልጃቸውን ባመጡልኝ ጊዜ፥ ሳልመረምር «ጋኔን ነው» ብዬ ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት እንዲተው አደረግሁ፤ ደዌውም ጸናበት።

ሐኪምም ቢሆን ከስሕተት ነጻ አይደለም። በ1930 ዓ.ም. በተመሠረተው በአማኑኤል ሆስፒታልም ሆነ በሌላው ዓለም፥ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ደዌ የሚለየው በደም ምርመራ ሳይሆን ከሕመምተኛው ንግግርና ጠባይ ነው። መድኃኒቱም የሌለ ድምፅ መስማትን ሲያስታግስ፥ አንዳንዱን ያንቀጠቅጠዋል፥ ጅማቱንም ይገትርበታል። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ሐኪሙን ደጋግሞ መጠየቅ ይገባዋል። መጠየቅ ግን መድኃኒቱን መጣል አይደለም፤ በድንገት ሲቋረጥ ደዌው ሊያገረሽ ይችላልና።

ሐኪምን የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምራል። እንግዲህ ጸበል የሚጠመቀው መድኃኒቱን አይከልከል፤ በጸበልም ስም ድውይ በሰንሰለት አይታሰር። ደዌውን ከመሰየማችን በፊት ሰውየውን እንስማው።

አምላካችን ማስተዋልን ያድለን፤ አሜን።