አያትሽን ለሲቲ ስትወስጂ

ልጄ፣ አሱታ አሽዶድ በ2017 እ.ኤ.አ. ከተከፈተ ወዲህ ሆስፒታል ፍለጋ ሬሆቮትና አሽቀሎን መንከራተቱ ቀንሷል። ማስተርጎሙ ግን በእናንተ በልጆቹ ትከሻ ላይ ነው። ለምርመራው በደም ሥር ስለሚሰጠው መድኃኒት፣ ስለ ኮንትራስት፣ እዚህ እስራኤል «ሖሜር ኒጉድ» ስለሚሉት፣ ይህን ያዢልኝ።

1. ቅጹ ላይ ስለ አለርጂ ሲጠየቁ አያትሽ «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚሉት። አንቺ ዘርዝረሽ ጠይቂያቸው፦ ከዚህ በፊት ተሰጥቷቸው አሳክኳቸው ነበር? አስም አለባቸው? ኩላሊታቸውስ? ከሁሉ የሚያሰጋው ቀድሞ ሰውነታቸው በዚያው መድኃኒት ተቆጥቶ ከሆነ ነው። ስለ ሽሪምፕ አለርጂ ቢያነሱብሽ አትጨነቂ፤ የቆየ ተረት ነው፣ ደግሞስ የእኛ ሰው መቼ በልቶት ያውቃል!

2. እንቅርት። ካልተናገርሽ ላይጠየቅ ይችላል። የሲቲው ኮንትራስት አዮዲን አለበት። የጎንደር ደጋ አፈር ደግሞ አዮዲን ያንሰዋል፤ እዚያ ካደጉት እናቶች እንቅርታቸውን በሻሽ ሸፍነው የመጡ አሉ። ለአንድ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በአንድ ምርመራ 30 ግራም ያህል ሊገባ ይችላል። አብዛኛው በሽንት ይወጣል። ሲራብ የኖረ እንቅርት ግን ከዚያ ጥቂቱን ይዞ ሆርሞን ከልክ በላይ ሊያመርት ይችላል። ይህም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፦ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሰውነት ይከሳል። ያኔ ዘመድ «ዓይን ነው» ይላል፤ ሲቲው ማንም ትዝ አይለውም። አንቺ ለሐኪሙ ንገሪው፤ የደም ምርመራ ይለየዋል።

3. ለስኳር ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ የኩላሊት ውጤታቸውን ይዘሽ ሂጂ። ኩላሊት በጣም ከደከመ ሐኪሙ ለ48 ሰዓት ያስቆማቸዋል። በራስሽ አታስቁሚ።

4. መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነት ይሞቃል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አስቀድመሽ ንገሪያቸው፤ አለዚያ በኀፍረት ይሸማቀቃሉ። ጉሮሮ ከታነቀ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን ወዲያው ይጣሩ። በ1990 እ.ኤ.አ. በታተመ የጃፓን ሰፊ ጥናት፣ ያኔ አዲስ በነበረው ዓይነት ኮንትራስት ከባድ ጉዳት የገጠማቸው ከ10,000 ሰው 4 ያህሉ ነበሩ። አብዛኛው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስለሚመጣ፣ አውቶቡስ ያመልጠናል ብለሽ አታስቸኩያቸው።

5. የኤምአርአዩ ኮንትራስት ሌላ ነው፤ ጋዶሊኒየም ይባላል። ኩላሊታቸው በወደቀ ሰዎች ላይ ቆዳ ከሚያደድር በሽታ ጋር መያያዙ በ2006 እ.ኤ.አ. ታወቀ፤ የዛሬዎቹ ዓይነቶች ያንን እጅግ ብርቅ አድርገውታል።

6. ሽፍታ እስከ ሳምንት ዘግይቶ ሊወጣ ይችላል፤ ለቤተሰብ ሐኪም አሳዩ። ትንፋሽ ካጠራቸው 101 ደውዪ። የመድኃኒቱንም ስም በፋይላቸው አስጽፊ፤ «አለርጂ አለባቸው» ብቻ ከተባለ ቀጣዩ ሐኪም የትኛውን ትቶ የትኛውን እንደሚሰጥ አያውቅም።