መልእክት አስተላላፊው ፕሮቲንና አጋጁ መድኃኒት፦ የኮቪድ-19 ሕክምና ጊዜውን ለምን ይጠብቃል?

የኮሮና ቫይረስ ወደ ሳንባ ሲገባ ተከላካይ ሕዋሳት ሳይቶካይን የተባሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። እነዚህ በሌሎች ሕዋሳት ገጽ ላይ ካሉ ተቀባዮች ጋር ሲጣበቁ፣ ጃክ የተባለ ፕሮቲን መልእክቱን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስተላልፋል። መልእክቱ በመጠኑ ሲሆን ቫይረሱን ለማጥፋት ይረዳል። በአንዳንድ ሕሙማን ላይ ግን ያለማቋረጥ ይጎርፋል፤ ሳንባ በብግነት ይጎዳል፤ በቂ ኦክስጅንም ወደ ደም አይደርስም።

ቅርጹ እንዴት ታወቀ?

ፕሮቲን በተለመደው ማይክሮስኮፕ ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ተመራማሪዎች የተጣራ ፕሮቲንን ከመድኃኒቱ ጋር ያዋህዱና፣ ጨው ውኃው ሲተን እንደሚረጋ ሁሉ፣ ክሪስታል እንዲሆን ያደርጋሉ። የኤክስሬይ ጨረር በክሪስታሉ ላይ ሲያርፍ በተወሰነ ሥርዓት ይበተናል፤ ከአበታተኑም የአቶሞቹ ቦታ በስሌት ይገኛል።

በዚህ ዘዴ ጃክ ባሪሲቲኒብ ከተባለው መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ታይቷል። ጃክ ሥራውን የሚያከናውነው ኤቲፒ የተባለውን የኃይል ምንጭ በጎድጓዳ ስፍራው ተቀብሎ፣ ከእርሱ ያገኘውን ፎስፌት ወደ ሌሎች ፕሮቲኖች በማሻገር ነው። ባሪሲቲኒብ ያንኑ ጎድጓዳ ስፍራ ይይዛል። አንድ ቁልፍ በተሰካበት ቀዳዳ ሌላ ቁልፍ እንደማይገባ፣ ኤቲፒም ቦታ ያጣል፤ መልእክቱም ይቀንሳል።

ጊዜው ለምን ወሳኝ ሆነ?

መድኃኒቱ የሚያግደው የቫይረሱን ሳይሆን የራሳችንን ፕሮቲን ነው። ይኸው ፕሮቲን ቫይረሱንም ሆነ የሳንባ ነቀርሳን ለመከላከል ያስፈልገናል። በመሆኑም የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2014 ባሪሲቲኒብን ከኮርቲኮስቴሮይድ ጋር እንዲሰጥ የመከረው ሕመማቸው ለከፋና ለጽኑ ሕሙማን ነው።

በሌላ መንገድ ብግነትን የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞንም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። ሪከቨሪ የተባለው የብሪታንያ ጥናት በሰኔ 2012 ይፋ እንዳደረገው፣ መድኃኒቱ በመተንፈሻ መሣሪያ (ቬንትሌተር) በሚረዱ ሕሙማን ላይ ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ብቻ በሚወስዱት ላይ በአንድ አምስተኛ ቀንሷል። ኦክስጅን ላላስፈለጋቸው ግን ጥቅም አላሳየም። ያለጊዜው መውሰድ ሰውነትን ከመከላከያው ያራቁታል።

በደሴና በኮምቦልቻ ለሚኖሩ ቤተሰቦች

ዴክሳሜታዞን ዋጋው ዝቅተኛና በቀላሉ የሚገኝ መድኃኒት ስለሆነ፣ ትኩሳትና ሳል እንደጀመረ ገዝቶ ለመውሰድ ሊያጓጓ ይችላል። ስለዚህ፦

• የበሽታው ምልክት ሲታይ ሕመምተኛው ለብቻው ይቆይ፤ ማስክ ያድርግ፤ በ8335 ወይም በ952 ይደውል።

• ብግነት ቀናሽ መድኃኒት ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይግዙ፤ ለሌላ ሰው የታዘዘውንም አይውሰዱ። ቀድሞ ለሌላ ሕመም ታዝዞልዎ የሚወስዱ ከሆነ ግን ሐኪም ሳያማክሩ አያቋርጡ።

• የስኳር ሕመም ካለብዎ ወይም የሳንባ ነቀርሳ ታመው የሚያውቁ ከሆነ ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩ። ዴክሳሜታዞን የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል።

• የትንፋሽ ማጠር፣ የማይለቅ የደረት ሕመም፣ የከንፈር መጥቆር ወይም ግራ መጋባት ከታየ በቤት ውስጥ አይጠብቁ። በአቅራቢያዎ ወዳለ ጤና ተቋም ወዲያውኑ ይሂዱ። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል መላክ ቢያስፈልግ ዳገቱን ለመውጣት ጊዜ ይጠይቃልና፣ እስኪመሽ ወይም ሕመሙ እስኪጠና አይዘግዩ።

ትክክለኛው መድኃኒት ሕይወት የሚያድነው በትክክለኛው ጊዜ ለትክክለኛው ሕመምተኛ ሲሰጥ ነው።