ለጌምም ለጽሑፍም፦ ገመድ አልባ ሜካኒካል ኪቦርድን እንዴት እንመዝን?



ሜካኒካል ኪቦርድ በዶርማችን ጠረጴዛዎች ላይ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዱባይ ወይም ከጅዳ በሚመለስ ዘመድ ሻንጣ ነው። ስለዚህ ከመግዛታችን በፊት በጣታችን አንሞክረውም፤ ካልተስማማንም ሄደን የምንመልስበት ሱቅ ቅርብ አይደለም። የምንመርጠው በፎቶውና በሚያብረቀርቀው መብራት ይሆናል። ወራት የተጠራቀመ ብር ደግሞ በመብራት ብቻ መውጣት የለበትም።

የዚህ ትምህርት ዓላማ የአምራቹን መግለጫ አንብበን ራሳችን መፍረድ እንድንችል ነው። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ ቀን ሪፖርትና ኮድ የሚጻፍበት፣ ማታ ጌም የሚያጫውት አንድ ኪቦርድ ምን ሊኖረው ይገባል?

1. ስዊቹ

በተለመደው ርካሽ ኪቦርድ ውስጥ ከቁልፎቹ ሥር የላስቲክ ንጣፍ አለ። ቁልፉን ስንጫን ላስቲኩ ይታጠፍና ሁለት የፕላስቲክ ሉሆችን ያነካካል። በሜካኒካል ኪቦርድ ግን እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች አለው፤ በውስጡም ስፕሪንግና የብረት መገናኛ ይገኛል። ቁልፉ የሚመዘገበው መንገዱን ሳይጨርስ ነው። ለምሳሌ ቼሪ ኤምኤክስ ቀይ የተባለው ስዊች በጠቅላላ 4 ሚሊሜትር ይወርዳል፤ ምልክቱን የሚሰጠው ግን 2 ሚሊሜትር ላይ ነው።

ስዊቾች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ሊኒየር ነው፤ ከላይ እስከ ታች ያለ ምንም እንቅፋት ይወርዳል። ቀዩ ከዚህ ወገን ሲሆን የሚፈልገው ኃይል 45 ሴንቲኒውተን፣ ማለትም የ46 ግራም ክብደት ያህል ነው። ሁለተኛው ታክታይል ነው፤ መሀል ላይ ጣት የሚሰማው ትንሽ ጉብታ አለው። የቼሪ ቡናማ ስዊች እንዲህ ነው፤ ጉብታውን ለማለፍ 55 ሴንቲኒውተን ይፈልጋል። ሦስተኛው ክሊኪ ነው፤ ጉብታም ድምፅም አለው። የቼሪ ሰማያዊ ስዊች 60 ሴንቲኒውተን ያህል ይፈልጋል።

ለጌም ሊኒየር ይመረጣል፤ ቁልፍን ደጋግሞ ለመምታት ይቀላልና። ለረጅም ጽሑፍ ብዙዎች ታክታይልን ይወዳሉ፤ ቁልፉ መመዝገቡን ጣት ስለሚያውቅ እስከ ታች መደብደብ አያስፈልግም። ሁለቱንም ለሚሠራ ሰው ቀይም ቡናማም ያዋጣል። ሰማያዊውን ግን ለዶርም አትግዙ። ከዒሻ በኋላ የሚተኛም የሚያጠናም ጓደኛ አብሮን አለ፤ የጎረቤት ሐቅ ደግሞ በግድግዳ ማዶ ብቻ ሳይሆን በላይኛው አልጋም ነው።

2. ገመድ አልባነቱ

«ገመድ አልባ» የሚለው ቃል ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ይይዛል። አንዱ ብሉቱዝ ነው። ሌላው በዩኤስቢ ከምትሰካ ትንሽ ሪሲቨር ጋር በ2.4 ጊጋሄርዝ የሚሠራው ነው። ብሉቱዝም በዚያው የሬዲዮ ክልል ውስጥ ነው ያለው፤ ልዩነቱ ኪቦርዱ በሰከንድ ስንት ጊዜ መልእክት ይልካል የሚለው ነው። ይህ ቁጥር ፖሊንግ ሬት ይባላል።

ሒሳቡን እንሥራው። 1000 ሄርዝ ማለት በየ1 ሚሊሰከንዱ መላክ ማለት ነው። 90 ሄርዝ ሲሆን ግን በየ11 ሚሊሰከንዱ ነው። ጥሩ የ2.4 ጊጋሄርዝ ኪቦርዶች የመጀመሪያውን ይሰጣሉ፤ ብሉቱዝ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው አካባቢ ነው። አሁን ከሌሎቹ ጋር አነጻጽሩት። 60 ሄርዝ የሆነ የላፕቶፕ ስክሪን አዲስ ምስል የሚያሳየው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትጫወቱ ፒንጋችሁ 150 ከሆነ፣ ከሰርቨሩ ደርሶ መልስ ብቻ 150 ሚሊሰከንድ ነው። በዚህ መካከል ገመድን በ2.4 ጊጋሄርዝ መተካት የሚጨምረው መዘግየት ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በብሉቱዝ መተኮሻ ጌም መጫወት ግን አይመከርም፤ መዘግየቱ ከፍ ከማለቱም በላይ አንድ ወጥ ላይሆን ይችላል።

ለጽሑፍ ብሉቱዝ በቂ ነው። ከላፕቶፕ ወደ ስልክ በአንድ ቁልፍ መሻገርም ያስችላል። ሦስት ነገሮችን ግን እወቁ። አንደኛ፣ ኪቦርዱ ባትሪ ለመቆጠብ ሲተኛ እንደገና እስኪገናኝ ጥቂት ጊዜ ይወስዳል፤ የመጀመሪያው ፊደል ሊጠፋ ይችላል። ሁለተኛ፣ በብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ባዮስ ውስጥ መግባት አይቻልም። ሊነክስ የሚጭን ሰው ገመዱን ወይም ሪሲቨሩን ይፈልጋል። ሦስተኛ፣ በጣም ርካሽና ስም የለሽ በሆነ ሪሲቨር ላይ የይለፍ ቃል አትጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የደኅንነት ኩባንያ የስምንት አምራቾች ገመድ አልባ ኪቦርዶች የሚጻፈውን ነገር ሳይመሰጥሩ በአየር ላይ ሲልኩ ማግኘቱን ይፋ አድርጓል።

ሪሲቨሩን የት እንደምንሰካም ለውጥ ያመጣል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣው ጽሑፍ፣ የዩኤስቢ 3.0 መሰኪያዎችና ዕቃዎች በ2.4 ጊጋሄርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ እንደሚፈጥሩ አሳይቷል። ሃርድ ዲስክ አጠገብ የተሰካ ሪሲቨር ቁልፍ ቢያስቀር አትደነቁ። በአጭር የማራዘሚያ ገመድ ራቅ አድርጎ ወደ ኪቦርዱ ማቅረብ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል።

3. የቁልፎቹ ብዛት፦ ለእኛ የተለየ ጉዳይ

የጌም ተጫዋቾች ትንንሽ ኪቦርዶችን ይወዳሉ፤ ለማውስ ሰፊ ቦታ ይተዋሉና። 60 ፐርሰንት የሚባለው መጠን የላይኛውን የኤፍ ቁልፎች ረድፍም ቀስቶቹንም አስወግዷል። 75 ፐርሰንት የሚባለው ሁለቱንም ይዞ የቁጥር ክፍሉን ብቻ ይተዋል።

ዐረብኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ቆም ይበል። በዊንዶውስ የተለመደው የዐረብኛ አቀማመጥ ላይ ዛል የምትገኘው ከ1 ቁጥር በስተግራ ባለችው ቁልፍ ላይ ነው። ሺፍት ተይዞ እዚያው ሲጫኑ ደግሞ ሸዳ ትወጣለች። በ60 ፐርሰንት ኪቦርድ ላይ ይህችን ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የሚይዛት ኢስኬፕ ነው። ስለዚህ «ሃዛ» ወይም «አለዚ» ለማለት ኤፍኤን የተባለውን ቁልፍ መያዝ ግድ ይሆናል፤ ለሸዳ ደግሞ ኤፍኤንና ሺፍትን አንድ ላይ። ፈትሓ፣ ከስራና ዶማም በሺፍት ስለሚወጡ፣ ሐረካ እያደረገ የደርስ ማስታወሻ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ ቶሎ ያሰለቻል። በ75 ፐርሰንት ኪቦርድ ላይ ግን ቁልፏ በቦታዋ አለች። በ65 ፐርሰንት ላይም ብዙ ጊዜ ኢስኬፕ ስለሚይዛት ፎቶውን አጉልታችሁ እዩ።

አማርኛ ደግሞ ጣት ያበዛል። በድምፅ አጻጻፍ «ሰላም» የሚለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል አምስት ቁልፍ ይፈልጋል፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም። ባለ ሠላሳ ገጽ የአማርኛ ጽሑፍ ስንት ሺህ ምት እንደሆነ አስቡት። ቀለል ያለ ስዊች የሚጠቅመው እዚህ ነው። አንዱን ምት ሁለት አድርጎ የሚመዘግብ ያረጀ ወይም አቧራ የገባበት ስዊችም ቃሉን ያበላሸዋል። እንዲህ ሲሆን ስዊቹን ብቻ ነቅሎ መተካት ቢቻል ጥሩ ነው። ሆትስዋፕ የሚባሉት ኪቦርዶች ያለ ሶልደር ይህን ይፈቅዳሉ።

4. አብረው የሚጫኑ ቁልፎች

በኪቦርድ የእግር ኳስ ጌም የሚጫወት ሰው በሰያፍ ለመሮጥ ሁለት ቀስት፣ ለፍጥነት አንድ፣ ለመምታት አንድ፣ በድምሩ አራት ቁልፍ አንድ ላይ ይይዛል። ርካሽ ኪቦርዶች ሦስተኛውን ወይም አራተኛውን ሊያስቀሩ ይችላሉ፤ የቁልፎቹ ሽቦ በረድፍና በዓምድ ስለሚጋራ ነው። ጥሩ ሜካኒካል ኪቦርድ በእያንዳንዱ ስዊች ላይ ዳዮድ አለው፤ ሁሉንም ለይቶ ያውቃል። መግለጫው ላይ «ኤን ኪ ሮልኦቨር» የሚል ፈልጉ። የጓደኛ ኪቦርድ ካገኛችሁ በቀላሉ ፈትኑት፦ ጽሑፍ መጻፊያ ክፈቱ፣ ሁለቱንም ሺፍት ይዛችሁ ሁሉንም ፊደላት በየተራ ተጫኑ። የቀረ ፊደል ካለ እዚያው ታዩታላችሁ።

5. ባትሪና መብራት

ከቁልፎቹ ሥር ያሉት መብራቶች የባትሪው ዋና ተጠቃሚዎች ናቸው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ 4000 ሚሊአምፒር አወር ባትሪ ያለው ኪቦርድ 40 ሚሊአምፒር ቢወስድ 100 ሰዓት፣ 100 ቢወስድ 40 ሰዓት ይቆያል። መብራቱን ማጥፋት የሚያስቀርብን የጽሑፍ ጥቅም ብዙ አይደለም፤ ጣት ቦታውን ከለመደ ዓይን ወደ ታች አያይም። መብራት ሲጠፋ የራሱ ባትሪ ያለው ኪቦርድ የላፕቶፑን ባትሪ አይጋራም፤ ይህም ትንሽ ጥቅም ነው። ባትሪው ባዶ ሲሆን በገመድ እየተሞላ የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ።

ሁለት ኪቦርዶችን በዚህ ሚዛን

አምራቹ እንደሚገልጸው ኪክሮን ቪ1 ማክስ 75 ፐርሰንት ነው። በገመድ፣ በ2.4 ጊጋሄርዝና በብሉቱዝ ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 1000 ሄርዝ፣ በብሉቱዝ 90 ሄርዝ ይሰጣል። ባትሪው 4000 ሚሊአምፒር አወር ነው፤ ስዊቾቹም ይነቀላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ሎጂቴክ ጂ915 ደግሞ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ነው። ቁልፉ 2.7 ሚሊሜትር ብቻ ወርዶ 1.5 ላይ ይመዘገባል። የቁጥር ክፍልም አለው። መብራቱ ሙሉ ሲበራ 30 ሰዓት እንደሚቆይ አምራቹ ይገልጻል። ስዊቾቹ ግን የሚነቀሉ አይደሉም።

በጌም ሁለቱም ያልፋሉ፤ በሁለቱም ላይ ዛል በቦታዋ አለች። ጂ915 ለእጅ አንጓ ይመቻል፤ ቪ1 ማክስ ረዘም ስለሚል የእጅ መደገፊያ ሊፈልግ ይችላል። መለዋወጫና ዋስትና ሩቅ በሆነበት አገር ለሚማር ሰው ግን እኔ የማስበልጠው ስዊቹ የሚነቀለውን ነው። አንድ ቁልፍ ሲበላሽ አንድ ስዊች እንገዛለን እንጂ አንድ ኪቦርድ አንጥልም።

እንግዲህ ለዘመድ ከመደወላችሁ በፊት በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። ስዊቹ ምን ዓይነት ነው፣ አብረውኝ የሚኖሩትን ይረብሻል? በምጽፋቸው ቋንቋዎች የሚያስፈልጉኝ ቁልፎች ሁሉ አሉ? 2.4 ጊጋሄርዝ አለው ወይስ ብሉቱዝ ብቻ ነው? ስዊቹ ይነቀላል? የመብራቱን ቀለም በመጨረሻ ጠይቁ። ጌሙ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ነው፤ ሪፖርቱ፣ ኮዱና የደርሱ ማስታወሻ ግን በየቀኑ ነው። ኪቦርዱን በየቀኑ በምንሠራበት ሥራ እንመዝነው።