ምልክትንና ምክንያትን ለይቶ መጻፍ፦ የማሲንቆ ጭራ የሚለወጠው መቼ ነው?

ገላጭ ድርሰት የሚጽፍ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ምልክትን ከምክንያት መለየት ይኖርበታል። ምልክት የሚታየው ወይም የሚሰማው ነው፤ ምክንያት ግን ተመርምሮ የሚገኝ ነው። ሁለቱን የሚያቀላቅል ጸሐፊ ዓረፍተ ነገሩ ቢያምርም አንባቢውን ያሳስታል። ለዚህ ትምህርት የመረጥነው ምሳሌ በደብረ ታቦር፣ በፋርጣ፣ በእስቴና በጋይንት የሠርግ ዳስ የሚታወቀው ማሲንቆ ነው።

ማሲንቆ ያለው አንድ አውታር ብቻ ነው። አውታሩም ሆነ እርሱን የሚገዘግዘው ደጋን የሚወጠሩት በፈረስ ጭራ ነው። ክራር አምስት ወይም ስድስት፣ በገና ደግሞ አሥር አውታሮች ስላሏቸው አንዱ ቢበጠስ ተጫዋቹ የጀመረውን በቀሩት እንደ ምንም ሊጨርስ ይችላል። የማሲንቆ አውታር ከተበጠሰ ግን መሣሪያው ዲዳ ይሆናል። በጥር ወር ከአንዱ ሠርግ ወደ ሌላው ለሚዘዋወር አዝማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዘፈኑ ከመካከል ሲቋረጥ ጭፈራው ይበርዳል፣ ሽልማቱም ይቀራል። ስለዚህ የአዝማሪው ጥያቄ «ሲበጠስ ምን ላድርግ?» ሳይሆን «ሳይበጠስ በምን ልወቅ?» የሚል ነው።

ጭራው ብዙ ጠጕር በአንድነት ተሰብስቦ የተወጠረ ስለ ሆነ በአንድ ጊዜ አያልቅም፤ አንድ አንድ እያለ ይበጠሳል። የተበጠሱት ጠጕሮች ከአውታሩ ዳር ተንጠልጥለው ይታያሉ። የቀሩት የቀድሞውን ውጥረት ብቻቸውን ስለሚሸከሙ እየተለጠጡ ይሄዳሉ፤ መቃኛውም በየጊዜው መጠምዘዝን ይፈልጋል። ከዚህ ሌላ የተጫዋቹ ጣቶች ዘወትር የሚያርፉበት ስፍራ በላብና በእድፍ ይጠቁራል። እድፉ በአንድ በኩል ሲከብድ አውታሩ ከዳር እስከ ዳር እኩል መርገብገብ ይሳነዋል፤ ቅኝቱ ቢስተካከልም ድምፁ የታፈነ ይሆናል። ቅባት የያዘ ጭራ ሙጫውን በሚገባ ስለማይቀበል ደጋኑ ይንሸራተትበታል።

ነገር ግን ድምፅ በፈዘዘ ቁጥር ጭራው አርጅቷል ማለት አይቻልም። ደብረ ታቦር ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በጉና ተራራ አቅራቢያ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። ክረምቱ ሲበረታ በማሲንቆው ላይ የተወጠረው ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ ይላላል፤ ድምፁም ይፈዛል። በዚህ ጊዜ መሣሪያውን ከምድጃ አጠገብ ጥቂት ማሞቅ ወይም ፀሐይ ማስመታት ይበቃል። ከሞቀ በኋላ ድምፁ ከተመለሰ ጥፋቱ የቆዳው ነበር፤ ካልተመለሰ ጭራውን መመርመር ያስፈልጋል። ምልክቱ አንድ፣ ምክንያቱ ግን ሁለት መሆኑን ልብ በሉ። ቆዳውን ሳያሞቅ ጭራ ለመለወጥ የሚቸኩል ጀማሪ ደኅናውን ይጥላል፤ ደኅና የፈረስ ጭራ ደግሞ በየደጁ አይገኝም።

የክራር አውታር ቀድሞ ከአንጀት ወይም ከጅማት ይሠራ ነበር፤ ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ናይለን ወይም ብረት ነው። ብረት ይዝጋል፤ ናይለን አይዝግም፣ ዳሩ ግን እየተለጠጠ ይቀጥናል። በጊታር ላይ ጣት አውታሩን ከብረት መስመሮች ጋር ስለሚያጣብቀው ያረጀው አውታር ከሥሩ ሲዳሰስ ጎድጎድ ያለ ምልክት ይገኝበታል። ክራር እንዲህ ያለ መስመር የለውም። ስለዚህ የሚፈተሸው አውታሩ ብርኩማውን የሚሻገርበትና በቀንበሩ ላይ የሚጠመጠምበት ስፍራ ነው።

አሁን ወደ ሰዋስው እንመለስ። «ሲበጠስ»፣ «ቢበጠስ» እና «ከተበጠሰ» የሚሉት ቃላት ግሣቸው አንድ ነው፤ ልዩነታቸው በመነሻቸው ላይ ነው። «ሲበጠስ» ድርጊቱ የሚሆንበትን ጊዜ ያመለክታል። «ቢበጠስ» ጥርጣሬ አለበት፤ ላይበጠስም ይችላል። «ከተበጠሰ» ድርጊቱ ተፈጽሞ ከተገኘ የሚከተለውን ነገር ይጠይቃል። አሉታቸው በተራ «ሳይበጠስ»፣ «ባይበጠስ»፣ «ካልተበጠሰ» ይሆናል። ከእነዚህ ውስጥ «ሳይበጠስ» ከአሉታነቱ በላይ «ከመበጠሱ በፊት» የሚል ፍች ስላለው ከላይ ባነበባችሁት የአዝማሪው ጥያቄ ውስጥ ሌላው ሊተካው አይችልም።

መልመጃ፦ ሀ) ከምንባቡ ውስጥ ምልክትን የሚገልጹ ሦስት ዓረፍተ ነገሮች አውጡና የየአንዳንዱን ምክንያት በራሳችሁ አነጋገር ጻፉ። ለ) በቤታችሁ ካሉት ዕቃዎች በሥራ ብዛት የሚያልቅ አንድ ዕቃ፣ ለምሳሌ ማረሻ ወይም ወንፊት፣ ምረጡ። የሚለወጥበትን ጊዜ ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ፣ «ሳይ-» እና «ካል-» የሚሉትን መነሻዎች በተገቢው ቦታ በማስገባት ሁለት አንቀጽ ጻፉ።